ከላይ ወደ ታች

የእህቴ ልጅ ቡናዬን እየጠጣሁ ሳለ ነው የጠራኝ። «አያ፣ ይሄ ሮሃ ነው እንዴ?» አለኝ፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ደቅኖ። የተከፈተው «ሲቪላይዜሽን 6» የሚባለው ጨዋታ ነበር። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ጥቅል ተጭኖበታል፤ መሪያችን ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ ለእኛ ብቻ ከተሰጡን ነገሮች አንዱ ደግሞ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ነው። ልጁ ሠራተኛውን ኮረብታ ላይ አቆመና አንድ ቁልፍ ተጫነ። ቤተ ክርስቲያኗ ተሠራች። በዚያችው ቅጽበት።

ከእኛ ቤት እስከ ቤተ ጊዮርጊስ በእግር ዐሥር ደቂቃ አይሞላም። ልጁ ያደገው እዚያ ገደል አፋፍ ላይ እየቆመ ነው። «መምሰሉ ነው» አልኩት። አልተዋጠለትም። ሠራተኛውን አንድ ቤት አስጠግቶ ሁለተኛ ሊሠራ ሞከረ፤ ጨዋታው እምቢ አለው። ሁለት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጎን ለጎን መሠራት አይችሉም፤ ሕጉ ነው። «የእኛዎቹ ጎን ለጎን አይደሉም?» አለኝ። ናቸው። ዐሥራ አንዱ በሁለት መንደርና በአንድ ለብቻዋ በቆመች ቤት ተከፍለው፣ በቦይና በዋሻ ተያይዘው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በጨለማ እየተዳሰሰ የሚኬድባቸው ናቸው። ለልጁ መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ከሞላ ጎደል የዚያች ጥያቄ መልስ ነው፤ ቢዘገይም።

ጨዋታውን ለመስደብ አይደለም የተነሣሁት። እንዲያውም ያወጡት ሰዎች የቤት ሥራቸውን ሠርተዋል። ውቅሩ የሚሠራው ኮረብታ ላይ ወይም እሳተ ገሞራ በተፋው አፈር ላይ ብቻ ነው፤ የላስታም ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። በዙሪያው ተራራና ኮረብታ በበዛ ቁጥር የሚሰጠው እምነት ይጨምራል፤ አሸተን ማርያም ወጥቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ ማጋነን አይሆንበትም። የተፈጥሮ አደጋ ሊጎዳው ይችላል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ከሁሉ ያስደነገጠችኝ ግን አንዲት ሌላ ሕግ ናት፦ የሰው ልጅ በረራን ካወቀ በኋላ ውቅሩ በሚሰጠው እምነት ልክ ቱሪስት መሳብ ይጀምራል። ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ኮሮና ሲመጣ አውሮፕላኑ ቆመ፤ ጦርነቱ ሲመጣ እንደገና ቆመ። ያኔ ከአስጎብኚው እስከ ጫማ ጠባቂው፣ ከሆቴሉ እስከ ሻማ ሻጯ ድረስ ያየነውን ይህቺ አንዲት መስመር ሕግ ሳታውቀው ትናገረዋለች። አንዳንዴ አንድ ሕግ ከረጅም ጽሑፍ የበለጠ ያውቃል።

እንግዲህ ሁለት ሕጎች እውነት ተናገሩ፤ ሁለት ሕጎች ዋሹ። የዋሹት በአንድ ጠቅታ የሚሠራው ሥራና ጎረቤት የማይፈቅደው አቀማመጥ ናቸው። ሥዕሉ አልዋሸም። የተሳለችው ቤተ ክርስቲያን ቆንጆ ናት፤ መስቀሏም አለ። የጨዋታ ሂስ ከፊልምና ከሥዕል ሂስ የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ጨዋታ የሚናገረው በሚያሳየው ሳይሆን በሚፈቅደውና በሚከለክለው ነው። እኛ ደግሞ እስካሁን የምንጣላውም የምንደሰተውም በሚያሳየው ብቻ ነው። ባንዲራው አለ ወይ? ጎጆው አለ ወይ? ፊደሉ ተጽፏል ወይ? ካለ «የእኛ» ነው እንላለን።

ቋንቋችን ራሱ ከዚህ የተሻለ ያውቃል። «ጨዋታ» ስንል ወግም ማለታችን ነው፣ ገበታም ማለታችን ነው፣ ኳስም ማለታችን ነው። እንግዳ ቤት ገብቶ ዝም ሲል «ተጫወት እንጂ» ይባላል፤ እንዲናገር፣ ከእኛ ጋር እንዲሆን ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ጨዋታ ለመባል፣ በእኛ ሚዛን፣ ሰውን ከሰው ጋር ማስቀመጥ አለበት። ይህን ሚዛን ይዤ ነው ወደ አገር ልጆች ሥራ የምመጣው።

አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሠራው «ኩኩሉ» ከሁሉ በፊት የሚጠራ ነው። ከገበሬ እጅ አምልጣ የምትሮጥ ዶሮ ናት፤ እናንተ እያዘለላችሁና እያስጎነበሳችሁ ታስመልጧታላችሁ። ቀለሙ ደስ ይላል፣ ዶሮዋ ነፍስ አላት፣ የአገሩ መልክ የአገሩ ነው። ስልክ ላይ በአማርኛ የሚስቅ ልጅ ማየት ቀላል ነገር አይደለም፤ መጀመሪያ ያየሁ ዕለት እኔም እንደ ልጅ ነው የሆንኩት። ነገር ግን ስሙን ልብ በሉት። ኩኩሉ የዶሮ ጩኸት ብቻ አይደለም፤ የድብብቆሽም ጥሪ ነው። ዐይኑን የጨፈነው «ኩኩሉ» ሲል የተደበቁት «አልነጋም» ይላሉ፤ «ነጋ» እስኪሉት ድረስ ሌሊት ነው። ሌሊቱ የሚያልቀው የተደበቀው ሲፈቅድ ነው ማለት ነው! ይህ ግሩም ሕግ ነው። አዳኙ ጊዜን አያዝዝም፤ ታዳኙ ነው የሚያዝዘው። ጨዋታው ግን ስሙን ከዚያ ወስዶ ሕጉን ከሌላ አመጣ፦ «ቴምፕል ረን» እ.ኤ.አ. በ2011፣ «ሰብዌይ ሰርፈርስ» በ2012 ዓለምን ካስሮጡበት መንገድ። ሩጥ፣ ዝለል፣ ሳንቲም ልቀም፣ ውደቅ፣ እንደገና ሩጥ። ዶሮዋ ያገሬ ናት፤ መንገዱ ግን የሌላ ነው።

ይህን ስል እንደ ነቀፋ ብቻ እንዳይወሰድብኝ። ሥራ ሆኖ እንጀራ የሚያበላ ጨዋታ የሚሠራ ሰው ገበያው የሚያውቀውን ሕግ ቢወስድ አይፈረድበትም፤ ያው ድርጅት «ገበታ»ንም ወደ ስልክ አምጥቷል፤ እዚያ ሕጉም የራሳችን ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ገበያ የማያዝዘው ሰው፣ ማለትም ማታ ከሥራ በኋላ ለራሱ ደስታ የሚሠራ ሰው፣ ለምን ያንኑ መንገድ ይሮጣል? እንዳሻው መሆን የሚችለው እሱ ነበር። እኔም ከነዚህ አንዱ ስለሆንኩ የምናገረው ከውስጥ ሆኜ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙከራዎቼ በሙሉ የሚሮጡና የሚዘሉ ነበሩ። አንደኛው ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው ነበር የሚዘለው። ጋቢ ለብሶ የሚዘል ማን አይታችኋል?

ሕግ ካጣን ደግሞ ምክንያት የለንም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ስለ ገበታ የጻፉት ረጅም ጥናት ከአገር አገር፣ ከሠፈር ሠፈር የሚለያዩ አጨዋወቶችን ሰብስቧል። ጠጠሩ ያው ጠጠር ነው፣ ጉድጓዱም ያው ጉድጓድ፤ የሚለየው ሕጉ ነው። ከገበታ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን ሰንጠረዥ ነው። መኳንንቱ የሚጫወቱት የነበረው የአገራችን ቼዝ «ወረራ» የሚባል አከፋፈት ነበረው። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እንደ ልባቸው፣ በአንድ ጊዜ፣ ሌላውን ሳይጠብቁ መኳንንታቸውንና እግረኛቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው ማረክ ሲሆን ብቻ ተራ ይጀምራል። አስቡት፦ ሰላም ሳለ ሁሉም ባሻው ይሄዳል፤ ደም ሲፈስ ሥርዓት ይገባል። ወይም ገልብጡት፤ ሥርዓት የሚመጣው ከጥፋት በኋላ ነው። ይህን ያሰበው ሰው ንድፈ ሐሳብ አልጻፈም፤ ሕግ ነው ያወጣው። ንጉሡ በምን እንደ ተያዘ እንኳ ክብሩ ይለያይ ነበር፤ በኃይለኛ መሣሪያ መግደል እንደ ጨዋነት አይቆጠርም፣ በደካማው መግደል ግን ያስመሰግናል። ኮምፒውተር ላይ ያሉ የቼዝ ፕሮግራሞች ማሸነፍና መሸነፍን ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ያሸነፈበትን መንገድ የሚያፍርበትን ሰው አያውቁም። ይህን መጻፍ ለአንድ ትጉ ተማሪ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። ሠርቶ ያሳየኝ ግን አላገኘሁም።

አሁን ወደ መሣሪያው ልምጣ፤ የምሠራበት ነገር ባይኖር ይህ ሁሉ ወሬ ነበርና።

ሊኑክስን ያገኘሁት በወረቀት ከረጢት ነው። ኡቡንቱ እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ለጠየቀው ሁሉ ሲዲ በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር፤ አንዱ በሰው እጅ ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ ደረሰ። ያን ጊዜ ነጻ የሚለው ቃል ለእኔ «ሳይከፈል» ማለት ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ትርጉም ያስተማረኝ በሐምሌ 2013 መጨረሻ ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ የጠፋው መብራትና ስልክ ነው። ወራት ነው የቆየነው። ጄኔሬተር ወይም ሶላር ያለው ሰው ዘንድ ሄደን በሰዓት እየከፈልን ስልክ ቻርጅ እናደርግ ነበር፤ ላፕቶፕ ይዤ ስሄድ «አንተ ደግሞ ይሄን ምን ልታደርግበት ነው?» ይሉኝ ነበር። እውነት ነው፤ እህል በጠፋበት ጊዜ ጨዋታ እሠራለሁ ብሎ መናገር ያሳፍራል። ዝም ብዬ እሰካ ነበር።

በዚያ ጊዜ ስሙን የማልጠራው አንድ የሥዕል ፕሮግራም ከፍቼ ነበር፤ ፈቃዴን ለማረጋገጥ ኢንተርኔት ፈለገ። ኢንተርኔት በሌለበት አገር ውስጥ ማንነቴን ጠየቀኝ። ጎዶ ግን አልጠየቀኝም። ጎዶ ማለት ሁዋን ሊኒየትስኪና አሪየል ማንዙር የሚባሉ አርጀንቲናውያን ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2014 ምንጩን ለሁሉ የከፈቱት የጨዋታ መሥሪያ ነው። ስሙ ከሳሙኤል ቤኬት ተውኔት የመጣ ነው፤ መቼም የማይደርሰው የሚጠበቅ ሰው። ለእኛ ግን ደራሽ እሱ ሆነ። ሁሉ ነገሩ ከመቶ ሜጋባይት በታች በሆነች አንዲት ዚፕ ይወርዳል፤ በፍላሽ ይገለበጣል፤ መጫን አይፈልግም፤ ተከፍቶ ይሠራል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን ኢንተርኔት እንደገና ሲቋረጥ እሷው ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ከውጭ ወሬ ዘግይቶ ሲደርሰን፣ በእኛው ጨለማ ወራት፣ በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ.፣ ዩኒቲ የተባለው ትልቁ መሥሪያ ጨዋታው በተጫነ ቁጥር ሊያስከፍል መሆኑን አስታውቆ የዓለም ሠሪዎች እንደ ተቆጡ ሰማን። ከዓመት በኋላ ሐሳቡን ሰርዞታል። ያን ጊዜ ግን ነገሩ ገባኝ፦ መሣሪያህ የሌላ ሰው ከሆነ ሕጉም የሌላ ሰው ነው፤ በማንኛውም ማለዳ ሊለወጥ ይችላል።

ብሌንደርም ታሪኩ ደስ ይላል። ሠሪው ድርጅት ሲወድቅ ቶን ሮዘንዳል የተባለው ሆላንዳዊ ሰው አስተባብሮ፣ 100,000 ዩሮ በመዋጮ በሰባት ሳምንት ተሰብስቦ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ምንጩ ነጻ ወጣ። ባሪያ እንደ መዋጀት ነው። ብዙ ሰው ይህን ከደቦ ጋር ያመሳስለዋል፤ እኔም አመሳስል ነበር። አሁን ግን እጠነቀቃለሁ። ደቦ ላይ የሚጠራህን ሰው ታውቀዋለህ፤ ነገ የእሱ ተራ ለአንተ ነው፤ ጠላውም አለ። እዚህ ግን የማላውቀው ሰው የማያውቀኝን እኔን አገለገለ፤ እኔ አልመለስኩለትም። ይሄ ወደ ምጽዋት ይጠጋል። ከዚህ ዕዳ የምወጣበት መንገድ አንድ ብቻ ይመስለኛል፦ የእኔ የሆነ ነገር ጨምሮ መመለስ።

እዚህ ላይ ነው ነጻ ሶፍትዌርንም የምተቸው። ነጻ ነው፤ ግን እኛን እያሰበ የተሠራ አይደለም። የመጀመሪያውን ጨዋታዬን ርዕስ በአማርኛ ስጽፍ የታየኝ ረድፍ ባዶ ሣጥን ነበር፤ የራሴን ፎንት እስካመጣለት ድረስ ፊደል አላወቀም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ነው፤ ኖቶም አቢሲኒካም በነጻ ይገኛሉ፤ ስለዚህ ነገሩ መፍትሔ አለው። መፍትሔ የሌለው የነጥብ ፊደል ነው። ትንንሽ ባለ ነጥብ ጨዋታዎች በስምንት በስምንት ነጥብ ሣጥን ፊደል ይጽፋሉ፤ ለላቲን ይበቃል። ቂንና ቄን በስምንት ነጥብ ውስጥ ለዩ እስቲ! ቀለበቷ ጠብታ ትሆናለች፣ እግሯ ይጠፋል። ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ቢያንስ በዐሥራ ሁለት ነጥብ ቁመት አንድ በአንድ ስስል ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ጽራእ ጸሐፊ የሆንኩ መሰለኝ። በኪቦርድ በኩል የሊኑክሱ የሴራ አጻጻፍ ጥሩ ነው፤ «ሰላም» ለማለት በላቲን ድምፁን መምታት ነው፤ ጨዋታው ውስጥ ስም ጻፍ ስትለው ግን ተጫዋቹ የሚተይበውን ለመቀበል ሌላ ትግል አለ።

ከፊደሉ የባሰው ግን በነጻ የሚታደለው ሥዕል ነው። በነጻ የሚሰጡ ዕቃዎች ማኅደር ውስጥ ግንብ አለ፣ ፈረሰኛ አለ፣ ዘንዶ አለ፣ የበረዶ ጥድ አለ። ጎጆ የለም፣ የጽድ ደን ያለው ቤተ ክርስቲያን የለም፣ በቅሎ የለችም። ስለዚህ ጀማሪው ልጅ ያለውን ይወስዳል፤ የላስታ ልጅ የአውሮፓ ግንብ ውስጥ ዘንዶ ይገድላል። ማንም አላስገደደውም። እንዲህ ነው ነጻ ነገርም የሚያስገድደው።

የራሴን ሙከራ አሁን ልናገር፤ ሂስ የሚጽፍ ሰው የራሱንም ማቅረብ አለበት።

ያ ልጅ ጥያቄውን ከጠየቀኝ በኋላ ያሰብኩት እንዲህ ነበር፦ ኮምፒውተር ላይ የሚገነባ ጨዋታ ሁሉ ከታች ወደ ላይ ነው። መሠረት፣ ግድግዳ፣ ጣራ። ቤተ ጊዮርጊስ ግን መጀመሪያ ያለቀችው ጣራዋ ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹት መስቀሎች ገና ግድግዳ ሳይኖር፣ ገና ወለል ሳይኖር፣ ከመሬት እኩል ነበሩ። ከዚያ ወደ ታች። ማስታረቂያ ጭቃ የለም፤ የተሳሳተ መሮ የተሳሳተ ነው። ጎዶ ውስጥ ቅርጽን ከቅርጽ የመደመር፣ የማገናኘትና የመቀነስ ችሎታ አለ። ሁሉም ሰው ይደምራል፤ እኔ በመቀነስ ብቻ የሚሠራ ጨዋታ ልሥራ አልኩ። አንድ ሙሉ ዐለት ይሰጣችኋል። መደመር የለም። መመለስም የለም፤ ፋይሉ ራሱ እያንዳንዱን ምት ወዲያው ይጽፋል።

መጀመሪያ የመሥሪያው የራሱ የመቀነስ ዘዴ ከበደው፤ ለሙከራ ነው የተባለው ነገር ለእውነት ሲሆን፣ አራት ጊጋ ራም ባላት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ፣ ከሃምሳ ቀዳዳ በኋላ ሞተ። ስለዚህ ዐለቱን ወደ ትንንሽ ኩብ ከፋፍዬ እያንዳንዱን «አለ» ወይም «የለም» አደረግሁት። ከዚያ ውኃ ጨመርኩ፤ ቦዩን አስልተህ ካላዘቀዘቅህ ክረምት ሲመጣ ቤትህ ኩሬ ይሆናል። ከዚያ ፍርስራሽ ጨመርኩ፤ የፈለፈልከው ድንጋይ አይጠፋም፣ ተሸክመህ ማውጣት አለብህ። ይህ ሕግ ጨዋታውን አሰልቺ አደረገው። አሰልቺነቱን ላጠፋው ነበር፤ በኋላ ተውኩት። የሥራው አብዛኛው ክፍል ተሸክሞ መውጣት እንደ ነበር ማን ይነግራቸዋል ታዲያ? አርኪዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ2010 «አንቲኩዊቲ» መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ውቅሮቹ በአንድ ጊዜ የተሠሩ ሳይሆኑ በየዘመኑ ደረጃ በደረጃ የተፈለፈሉ መሆናቸውን ያሳያል፤ ችግራቸውም ይኸው ነበር፤ ውቅር ላይ አዲሱ የሚሠራው አሮጌውን በመቁረጥ ነው፤ የቀድሞውን ደረጃ የሚነግርህ የተረፈው ብቻ ነው። የእኔም ፋይል እንደዚያ ነው። ያጠፋኸውን አያስታውስም።

ሥራውን ለአጎቴ አሳየሁ። ቄስ ናቸው፤ ኮምፒውተር አይነኩም፤ ግን ቤተ መድኃኔ ዓለም ግድግዳ ላይ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ በስም የሚያውቁ ናቸው። እንዳይቆጡ ፈርቼ ነበር። የተቀደሰን ነገር መጫወቻ ማድረግ ለብዙ ሰው ድፍረት ነው፤ እኔም ሙሉ በሙሉ የጸዳሁ አልነበርኩም። ዝም ብለው ረጅም ጊዜ አዩ።

«ይኼ ሰውዬ ጫማ አድርጓል» አሉኝ።

ሳላስተውል የነጻውን ማኅደር ሰው ነበር የወሰድኩት፤ ቦቲ ጫማ ያደረገ። «አወልቅለታለሁ፣ አባ» አልኳቸው።

«አውልቅለት። ሌላ፤ ሌሊት ሲሆን ማነው የሚሠራ?»

«ሌሊት የለውም፣ አባ። ቀን ብቻ ነው።»

«እንዲያማ ከሆነ አያልቅለትም» አሉ። ቀልድ አልነበረም። የቀኑን ሠራተኞች ሥራ ሌሊት መላእክት ይቀጥሉት እንደ ነበር የሚናገረውን ትውፊት ላሊበላ ውስጥ ሕፃንም ያውቀዋል። እኔ እንደ ተረት ይዤው፣ ከጨዋታው አውጥቼው ነበር። እሳቸው ግን እምነታቸውን አልነበረም የነገሩኝ፤ ወይም እሱን ብቻ አልነበረም። የነገሩኝ የጨዋታዬን ጉድለት ነው። ሰውዬዬ ብቻውን ነው። ያንን ሁሉ ድንጋይ ብቻውን ይፈለፍላል፣ ብቻውን ይሸከማል። ውቅር የሠራ አንድ ሰው የለም። ሲቪላይዜሽን በአንድ ጠቅታ ሠራው ብዬ የሳቅሁት ሰው፣ እኔ ደግሞ በአንድ ሰው አሠራሁት። ውሸቱ ያው ነው፤ የእኔ ዘገየ እንጂ።

ስለዚህ ሌሊት ጨመርኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ጨዋታው ይቆማል፤ ላፕቶፑን ለሌላ ሰው ማስረከብ ግድ ነው። ሌላው ሰው በጨለማ፣ በሻማ ብርሃን ልክ ብቻ እያየ፣ አንተ የጀመርከውን ይቀጥላል። አንተ ማየት የለብህም። ጠዋት ያገኘኸውን ታገኛለህ፤ ማን እንደ ሠራው አይጻፍም። ሌሊት የተቆረጠውንም መመለስ የለም። በኢንተርኔት አይሠራም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ «ማን ይጫወተዋል?» አሉኝ። ልክ ናቸው። አንድ ሰው ስልኩን ይዞ አውቶቡስ ላይ አይጫወተውም። ገበታም ብቻህን አትጫወትም።

አላለቀም። ቦዩ አንዳንዴ ወደ ላይ ይፈስሳል፤ የሻማው ብርሃን በአሮጌ ማሽን ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሙዚቃ የለውም፣ ማኅሌት ልቀዳ አስቤ ሳልጠይቅ አልነካም ብዬ ተውኩት። ሥራ ነው ብዬ ላቀርበው አልደፍርም። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፦ በእሱ ላይ ጎጆም ባንዲራም ባይኖር፣ ፊደሉን ሁሉ ወደ ላቲን ብትለውጡት፣ ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል።

ባለፈው ሳምንት ልጁና አጎቴ አብረው ተቀመጡ። ልጁ ቀኑን ሠራ፤ ቸኩሎ አንድ ምሰሶ መሃል ላይ ቀዳዳ አበጀበት። ሲጨልም ተነሥቶ ወጣ። አጎቴ ቁልፎቹን አሳይቼአቸው ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን አንድም ድንጋይ አልቆረጡም። ሻማዋን ይዘው ዞሩ፤ ምሰሶው ዘንድ ቆሙ፤ ቀዳዳውን በሌላ በኩል በልኩ ከፍተው መስኮት ሊያደርጉት ይችሉ ነበር፤ ሲያሰላስሉ ነጋ። ልጁ ገብቶ አየና «አባ፣ ምንም አልሠሩም እኮ!» አላቸው።

«አየሁት» አሉት፣ ላፕቶፑን እየገፉለት። «በል፣ ተጫወት።»